ከሥር የሚቀባው

ኤዲያ! አንዳንድ ነገር ሲያወሩት እንኳ አፍ ያበላሻል። ቢሆንም ይወራ።

እጀ ለስላሳ ይሏታል። ሙሽራ ማስዋብ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የወለደችው ልጅ የላትም፤ የእህቷን ልጅ ግን ገና ስትድህ ጀምሮ «የምትዳሪ ቀን የማስውብሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እጁን ቢያነሳ አልምረውም!» ስትላት ኖራለች። የስንቱን ልጅ ስትኩል የምትጠብቀው ያችን አንዲት ቀን ነበር።

ስለ ፊት አቋሟ አንድ ነው። ጀማሪዎቹ «ከፋውንዴሽን በፊት ፕራይመር፣ ያ ከሥር የሚቀባው ማለስለሻ፣ የግድ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ፊት ይታጠባል፣ ትንሽ የፊት ክሬም ይቀባል፣ እስኪመጥ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ አለቀ። አፍንጫዋ ወዝ ለሚያበዛ ሴት እዚያችው ላይ ፕራይመሩን ነካ ማድረግ ነው። የቀረው ወሬ ነው» ትላለች። አምስት ደቂቃ መጠበቅ የሚያቅተው ችኩል ብቻ ነው።

የሳሎኑ ባለቤት፣ ሁሉም ማዳም የሚሏት ሴትዮ፣ ችኩል ናት። ፕራይመር ያልነካው ፊት ከቤቴ አይወጣም ብላ ሕግ አወጣች። ይሁን፣ እሱስ ባልከፋ። የከፋው ብልቃጡ ነው። ለማዳም ዕቃ መጣል ሞት ነው። በየሳምንቱ የጥፍር መግፊያ ይዛ ትቀመጥና ያለቁትን ብልቃጦች ቂጣቸውን እየፋቀች ወደ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ትገለብጣለች። አምና የተከፈተው፣ ካቻምና የተከፈተው፣ ሁሉም እዚያው። ከዚያ አምስቱ የሳሎኑ ሠራተኞች በጣታቸው እየጠነቆሉ ያወጡታል። እጀ ለስላሳ አንድ ቀን ክዳኑን ስትከፍት የቅንድብ ፀጉር አየች፤ ከሥሩ የማን እንደሆነ እንጃ፣ የቆዳ ቅርፊት። ሽታው የቆየ ዘይት ሽታ ነበር።

ሜካፕ የሚሠሩ ሴቶች የሚቀባውን ነገር መጀመሪያ ግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ያደርጉና ከዚያ እየነኩ ነው ፊት ላይ የሚያስኬዱት። ስለዚህ ያ ነገር ከማንም ቀድሞ ያገኘው የሷን እጅ ነው። በሁለት ወሩ የእጇ ጀርባ ቀላ፣ ሽፍ አለ፣ ተላጠ። በሳሙና ብትለው በምን፣ ያ የሚያሟልጭ ነገር አይለቅም፤ ውሃው ከላዩ እየተንከባለለ ይወርዳል።

እንግዲህ አወቀች። አውቃስ ምን አደረገች? እጇ ላይ ማድረጉን ትታ ክዳኑ ላይ ማድረግ ጀመረች! የራሷን እጅ አዳነች፤ የሰው ፊት መቀባቱን ግን ቀጠለች። «ዝም አይነቅዝም» አለች ለራሷ። እንጀራዋ ነዋ። በወሩ እጇ ድኖ ድሮ የነበረውን መሰለ። ያስጠላል፣ ምን ይባላል ሌላ?

እሁድ ጠዋት የእህቷ ልጅ ሙሽራ ሆና መጣች። ከኋላዋ ሚዜዋ ገባች፤ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ከስምንት ቀን በፊት ለፎቶ ብላ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጀ ለስላሳ ራሷ ነበረች ያስዋበቻት። ዛሬ ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች።

«ምን ሆና ነው?» አለች አክስቷ።

«ብርድ ነው መሰለኝ፤ መግለጥ እምቢ ብላኛለች» አለች ሙሽራዋ።

እጀ ለስላሳ ሻርፑን አየችና ቶሎ ብላ ዓይኗን መለሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሙሽራዋን አስቀመጠቻት። ፊቷን አጠበቻት፣ ክሬም ቀባቻት፣ አምስት ደቂቃዋን ጠበቀች። ፋውንዴሽኑን ልትጀምር ስትል ማዳም ያንን ብልቃጥ ይዛ ደረሰች።

«ፕራይመሩስ?»

«እሷ አያስፈልጋትም።»

«ሙሉ ቀን የምትጨፍር ሙሽራ? የቤቱን ሕግ አንቺ ልታፈርሺው ነው?»

«አላደርግም አልኩዎት፣ ማዳም።»

ማዳም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። ሹክ ማለቷ ነው እንግዲህ፤ የሷ ሹክታ ግን ከመንገድ ማዶ ይሰማል። «አንቺ ሞኝ፣ ለገዛ ልጅሽ ከዚህ አድርጊ አልኩሽ እንዴ? ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያልተከፈተ አለ፤ እሱን አውጪላት።»

ጥግ የተቀመጠችው ሚዜ ሻርፗን ቀስ ብላ አወረደች። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ሽፍታው ውሃ ቋጥሯል፣ አገጯ ተላልጧል።

«ለኔስ?» አለች። «ለኔ ከየትኛው ነው ያደረግሽልኝ?»

«የቆዳሽ ጠባይ ነው፣ የኔ ቆንጆ...» ብላ ጀመረች ማዳም።

«ዝም በይ!» አለቻት እጀ ለስላሳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ሚዜዋ ዞራ ማዳም የያዘችውን ብልቃጥ በጣቷ አሳየቻት። «ከዚህ ነው።»

«መበላሸቱን አታውቂም ነበር፣ አይደል?» ጠያቂዋ ሙሽራዋ ናት፤ ድምጿ ልመና ነበር። «አላውቅም ነበር በያት እንጂ፣ አክስቴ።»

እጀ ለስላሳ ደህና የሆነውን ግራ እጇን አየች። መዋሸት ትችል ነበር፤ የሚመሰክርባት ማንም አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

ሙሽራዋ አንገቷ ላይ የታሰረላትን ጨርቅ ፈታች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለ። የጓደኛዋን እጅ ያዘች። «ተነሺ፣ እንሂድ። እኔም እንዲሁ ሳልዋብ ነው የምዳረው።»

«ቆይ እንጂ፣ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ነኝ የማስውብሽ፤ ቃሌ አይደለም እንዴ?» ብላ እጇን ዘረጋች አክስቷ።

ልጅቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ልብሷን እንዳይነካት ሰብሰብ አድርጋ በጎን አለፈችና ወጣች።

እጀ ለስላሳ ብልቃጡን ከማዳም ነጥቃ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። አሁን ነው ወይ የሚጣለው? ስትጥለው አፉ ላይ የነበረው ቅባት ጣቶቿን ነካ። ወደ ቧንቧው ሄዳ በሳሙና አሸች፤ ደግማ አሸች፤ ሠለሰች። ውሃው ከላዩ እየተንከባለለ ወረደ።