ለሌሊሳ ሥራ ስም የፈለጉት ሽማግሌ

አቶ የኋላሸት እውነትን እንደ ታቦት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ነቀምቴ ውስጥ ሽማግሌ ሆነው በገቡበት ቤት ሁሉ ሰነፉን ታታሪ፣ ሰካራሙን ጨዋታ ወዳድ ብለው አያውቁም። ስለዚህም የሚያከብራቸው ብዙ፣ ለሽምግልና የሚልካቸው ግን ጥቂት ነው።

ሌሊሳ ከጥቂቶቹ አንዱ ሆነ። ጉቴ አጠገብ ወንዝ ዳር ወርቅ እየፈለገ የሚኖር ወጣት ነው። የአቶ ተክለጻድቅን ልጅ ዝማሬን ወዷል፤ እርሷም ወዳዋለች፤ ነገር ግን «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም» ብላለች።

አባት የልጁን ሥራ መጠየቃቸው አይቀርምና አቶ የኋላሸት ትክክለኛውን ቃል ሲያስሱ ሰነበቱ። «ማዕድን አውጪ» እንዳይሉ፣ ቃሉ ፈቃድና ማሽን ያለው ድርጅት ያስመስላል፤ የሌሊሳ ንብረት አካፋና ገበቴ ነው። «ቆፋሪ» እንዳይሉ፣ መቃብር የሚያዘጋጀውም ቆፋሪ ነው። መማስ የፍልፈልም ግብር ነው። መፈልፈል የሚገባው ለዐለት ነው፤ ቅዱሳን ቤተ መቅደስ ያነጹበትን ቃል ለወንዝ ዳር አፈር መስጠት ድፍረት መሰላቸው። ማንጠር ደግሞ እሳት ይሻል።

አብሯቸው የተላከው የሌሊሳ አጎት ገላና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኦቦ የኋላሸት፣ ልጅ ልንለምን ነው እኮ፤ ቅኔ ልንቆጥር አይደለም!»

በመጨረሻ «ወርቅ አጣቢ» በሚለው ረጉና ወደ አቶ ተክለጻድቅ ሰፈር፣ ወደ ቡርቃ ጃቶ ሄዱ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።»

«ልጁ ምን ይሠራል?»

አቶ የኋላሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሥራው ምን ሊባል እንደማይገባ ከነምክንያቱ በዝርዝር አስረዱ። ገላና ከመቆም ብዛት እግር መቀያየር ሲጀምር ገና ከፍልፈሉ አላለፉም ነበር።

«ስሙን ይተዉት» አሉ አባት። «ጉድጓዱን ይደፍናል? ጉቴ ዘመድ ዘንድ ያኖርኳት ላሜ ወርቅ ፈላጊዎች ጥለውት በሄዱት ጉድጓድ ገብታ ቀርታለች።»

«ይደፍናል በሉ እንጂ!» አለ ገላና በሹክሹክታ።

«አላየሁም» አሉ አቶ የኋላሸት ጮክ ብለው።

«እንግዲያው አይተው ይምጡ።»

ገላና በሩን እንደወጡ፣ «ያን ሁሉ ቃል ተሸክመው፣ አንዲት አዎ ትጥፋ!» አለ።

በማግሥቱ ወንዝ ዳር ቢወርዱ ጉድጓዱ ሁሉ አፉን እንደከፈተ ነው።

«አባ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይሞላዋል ብዬ ነው» አለ ሌሊሳ።

አቶ የኋላሸት ነጠላቸውን ቁጥቋጦ ላይ ሰቀሉና አካፋ አነሡ።

«ጎርፉ መጥቷል፤ እኔ ነኝ። ና፣ አግዘኝ።»

የመጨረሻው ጉድጓድ እስኪሞላ ድረስ ቀና አላሉም። ከዚያም ሳይደፍን ወደ ሌላ እንዳይሄድ ልጁን አስማሉት።

ዳግመኛ ቡርቃ ጃቶ ደርሰው እንደቆሙ፣ አቶ ተክለጻድቅ ያንኑ ጠየቁ።

«ወርቅ ያጥባል፤ ጉድጓዱንም ይደፍናል» አሉ አቶ የኋላሸት፤ ውኃ የቋጠረ መዳፋቸውንም ዘረጉ።

«ይኸ ታዲያ የልጁ ሥራ ነው ወይስ የእርስዎ?»

«የሁለታችንም ነው። እስከ ትናንት አልደፈነም ነበር። ካሁን በኋላ ሊደፍን ግን በፊቴ ምሏል።»

ገላና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባት መዳፉን ደጋግመው አዩና ሳቁ።

«ያላሳመሩልኝ ሽማግሌ እርስዎ ብቻ ነዎት። በሉ፣ ተቀመጡ።»

አቶ የኋላሸትን እግዚአብሔር በዕድሜ ያቆይልን፤ ቤታቸውን በረከት፣ ጉልበታቸውንም ወንበር አያሳጣው። አሜን።