ወደ አሰልጣኙ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ልጄ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ሦስት ዓመት ሲጫወት ጨዋታው አልገባኝም ነበር። አሁንም ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ኳስ በእጃቸው ታቅፈው ከሚራወጡት መቶ ያህል ጎረምሶች መሀል ኳሷን በእግሩ የሚመታው የእኔ ልጅ ነው። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከሐበሻ ልጆች ጋር የእኛን እግር ኳስ ሲጫወት ነው ያደገው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ እግሩን ያየ አንድ አስተማሪ ለዚህ ሥራ መለመለው። ኪከር ይሉታል። ጓደኞቹ ተጋፍተውና ተላትመው ሜዳውን ሲያጋምሱለት፣ እሱ ጭቃ ያልነካው ልብሱን ለብሶ ይገባና ኳሷን በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች መሀል አሳልፎ ይወጣል። እናቱ «ቢያንስ ማንም አይወድቅበትም» እያለች ትጽናና ነበር።

በመጨረሻው ዓመቱ አዲስ ዋና አሰልጣኝ መጣ። የድሮው ሰውዬ ሲሸነፍ ከርሞ ተሰናብቷል። ልጄ እሁድ ምሳ ላይ ስለ አዲሱ ሲያወራ፣ «ኮቹ በጣም ስትሪክት ነው አሉ፤ ሚቲንግ ላይ አንድ ደቂቃ ካረፈድክ አለቀልህ» አለን። እናቱ «ጎሽ፣ እናንተን የሚያስተካክል እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለች። እኔ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው።

ቀጥሎ የሆነው የእኔ ጥፋት ነው። ነሐሴ ላይ የዓይን ሞራ ሊነሳልኝ ቀጠሮ ነበረኝ። ሆስፒታሉ መኪና የሚነዳልህ ሰው ካልመጣ አንለቅህም አለኝ። ባለቤቴ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የዚያን ቀን ተረኛ ነበረች። እኔ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር እገፋለሁ፤ ከባልደረቦቼ አንዱን ብለምን እምቢ የሚለኝ አልነበረም። ግን ሰው ማስቸገር ሞቴ ነው። ልጄን ጠራሁት።

«አባዬ፣ በዚያ ሰዓት የአዲሱ ኮች ፈርስት ሚቲንግ አለ» አለኝ።

«ስብሰባ በሰዓቱ ሲጀመር የት አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «ሰዉ ተሰባስቦ፣ ሰላምታው አልቆ፣ ዋናው ነገር እስኪጀመር ትደርሳለህ።»

ይህን ያልኩት ዕድሜ ልኬን የእኛን ሰው ሰርግና ስብሰባ አይቼ ነው። ልጄ «እሺ» አለ። ከሆስፒታል ቤት አደረሰኝ፣ ጠብታውን ዓይኔ ውስጥ ጨመረልኝ፣ ከዚያ በረረ። አርባ ደቂቃ አርፍዶ ደረሰ። ስብሰባው በሰዓቱ ተጀምሮ፣ በሰዓቱ አልቆ ነበር። አሰልጣኙ ለምን ብሎ አልጠየቀውም፤ እሱም ምክንያቱን አልተናገረም። በሳምንቱ ከሌላ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ቦታውን ወሰደ።

ይህን ሁሉ ደብቆን ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ እኔና ባለቤቴ እንደተቀመጥን፣ ኳሷን ሊመታ ሌላ ልጅ ገባ። የእኛው ከዳር ቆሟል። ማታ እናቱ ደውላ ነው አንድ በአንድ ያወጣጣችው። ቡድኑ የዚያን ቀን አሸነፈ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አሸነፈ። ሰዉ አዲሱን አሰልጣኝ ሲያወድስ እኔ አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። የራሴን ልጅ ከቦታው ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ የማሳብብበት ሰው የለኝም።

ሽማግሌ ለመላክ ወሰንኩ። ባለቤቴ «አሜሪካዊ ስለ ሽማግሌ ምን ያውቃል?» አለችኝ። «ሰው አይደለም እንዴ?» ብዬ ዘጋኋት።

ሁለት ሰው መረጥኩ። አንደኛው ፒዮሪያ ስትሪት ላይ በምንኖርበት አፓርትመንት ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለተኛው የአየር ማረፊያ ባልደረባዬ ነው። እሱን የመረጥኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሽበቱ ነው። ወደ ኮሌጁ ደውዬ የአሰልጣኙን ጸሐፊ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ስላት አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጠችን። ሁለቱም ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። ጋሼ እንግሊዝኛ አሳምረው ይችላሉ፤ ግን «ሽምግልና በሰው ቋንቋ አይሆንልኝም» ብለው በአማርኛ ሊናገሩ ቆርጠዋል።

እኔ እንደ በዳይ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ሲፈቀድልኝ ልገባ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። አሰልጣኙ በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር አሳያቸው።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በአማርኛ።

ሰውየው ግራ ገባው። ወንበሮቹን እንደገና አሳየ። እነሱ አሁንም ቆመዋል። በመጨረሻ እሱም ሳይቀመጥ ቀረና እንዲተረጉምለት ልጄን ከልምምድ አስጠራው። ልጄ ላቡን እየጠረገ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ፤ ከዚያ በሩ ውስጥ ሁለቱን ሱፍ ለባሾች አየ። ፊቱ ደም መሰለ። እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም።

ጋሼ ቀጠሉ። «የመጣነው ጥፋት ልናስተባብል አይደለም። ጥፋቱ ግን የአባትየው ነው፤ ያስቀረው እሱ ነው፤ ይኸው ደጅ ቆሟል። እሱን ይቅር ይበሉና ልጁን ወደ ቦታው ይመልሱልን።»

ልጄ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ያረፈድኩት በራሴ ጥፋት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ይቅርታ ሊጠይቁልኝ ነው የመጡት» አለው። ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም። ስለ ቦታውም አልለመነም። ጋሼ ቀና ብለው አዩት፤ ግን አላረሙትም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

አሰልጣኙ ጢሙን አሻሸ። በልጁ ላይ ቂም እንደሌለው፣ ማን እንደሚመታ ግን የሚወስነው ልምምዱ እንደሆነ ተናገረ። ልጄ «ቂም የለኝም» የሚለውን ገና ተርጉሞ ሳይጨርስ ሁለቱ ቁጭ አሉ። ለእነሱ ነገሩ አልቋል። መልሰው ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ ጤና፣ ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ፣ ድል። ባልደረባዬ በየመሀሉ «አሜን» ይላል። ሰውየው ምን እየተደረገለት እንደሆነ ባያውቅም ኮፍያውን አወለቀ።

ልጄ ሲወጣ «አባዬ፣ እኔን ሳትጠይቅ? በኮቹ ፊት ኤምባረስ አደረግከኝ» ብሎኝ ሄደ። አምስት እሁድ ለምሳ አልመጣም። ለእናቱ ይደውላል፤ ስልኩ ወደ እኔ ሲዞር ግን ይቸኩላል። ከልምምድ በኋላ ብቻውን እየቀረ ኳስ እንደሚመታ የሰማሁትም በእሷ በኩል ነው። እኔ ከአንድም ጨዋታ አልቀረሁም። ቡድኑ አንዴ ሲሸነፍ ሁለቴ እያሸነፈ ቀጠለ። ልጄ ከዳር እንደቆመ ነው።

ኅዳር መጥቶ የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ሽማግሌዎቼም ካልሄድን ብለው አብረውን ነበሩ። ከእረፍት በኋላ፣ ያኛው ልጅ ሁለት ኳስ በተከታታይ ሲስት፣ አሰልጣኙ ዘወር ብሎ የእኔን ልጅ ጠራው። ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ልጄ ገባ፣ ወደ ኋላ ጥቂት ራመደ፣ ጓደኛው መሬት ላይ ያቆመለትን ኳስ መታ። ኳሷ ከግራው ብረት ውጭ በስንዝር አለፈች።

ሌላ ዕድል አልመጣም። ቡድኑ የኋላ ኋላ አሸነፈና ያቺን ኳስ የሚያነሣት ጠፋ። ሰዉ ሜዳ ገብቶ ሲጨፍር ልጄ ወደ አጥሩ መጣ።

«ነፋሱ ነው» አልኩት።

«ኳሷን ያቆመልህ ልጅ አጣሞ ነው» አለ ባልደረባዬ።

ልጄ ሳቀ። ከነሐሴ ወዲህ ሲስቅልኝ የመጀመሪያው ነው። «ኖ፣ ነፋስ አልነበረም። እሱም ጥሩ አድርጎ ነው ያቆማት» አለ። ከዚያ በአጥሩ ላይ አንገቴን በክንዱ ስቦ ጆሮዬ አጠገብ፣ «አባዬ፣ የዛሬዋ ጥፋት ግን የእውነት የእኔ ናት» አለኝ።

እንዳቀፍኩት አለቀስኩ። እናቱ በኳሷ የተቆጨሁ መስሏት ጀርባዬን ታሻሸኝ ጀመር፤ እኔ ግን ልጄ በመሳቱ ደስ ብሎኝ ነበር።