የሐሙስ አውፍ

ወልድያ ሦስት ቀን ሰልጥኜ መርሳ ስመለስ ራሴን የልጆች ልብ አዋቂ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ስሜትን መለየት፣ ቁጣን መግታት፣ ከሰው መግባባት፤ በእስልምና ትምህርት ቤታችን ከቁርኣኑ ጎን ይህንንም እንድናስተምር ተነግሮናል። እኔማ ድሮም አስተምረዋለሁ ብዬ ተኩራራሁ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከመለቀቃችን በፊት፣ የተጣሉትን አስነስቼ እጅ ለእጅ አስይዛለሁ። አጥፊዋ «አውፍ በይኝ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሌላዋ «አውፍ ብያለሁ» ትላለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። ቂም ይዞ ለጁምዓ መድረስ የለም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔም መጓተት አልወድም።

አንድ ሐሙስ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጓደኛዋን ገፍትራ ጣለቻት። ቀና ስል ያየሁት መግፋቷን ነው። አውፍ እንድትጠይቅ አዘዝኳት። አልጠየቀችም። ተቆጣሁ። «አውፍ በይኝ» አለች፤ አሚን ተባለ፤ ተለቀቅን።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም ቀረች። ረቡዕ ከሰዓት እናቷ ማንጎ ከምትሸጥበት ገበያ ሄድኩ። ልጅቱም አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ኡስታዛ፣ ለምኜ ለምኜ አቃተኝ» አለችኝ እናቷ። «ትምህርት በቃኝ ብላለች። እንግዲህ ከኔው ጋር ትነግድ።»

ደነገጥኩ። ቁርኣን በቃሏ ስትሐፍዝ ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። ከማንጎው ጎን ቁጢጥ ብዬ ምን እንዳስቀየምኳት ጠየቅኳት።

«አውፍ ጠይቂ አሉኝ እንጂ ምን ሆንሽ አላሉኝም» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ምን ሆነሽ ነበር?» አልኳት።

ጓደኛዋ በልጆቹ ፊት የዚችን ልጅ ሂጃብ ጫፍ ይዛ «ይሄ የኔ ነበር፤ እናቴ ናት የሰጠቻት» ብላ ኖሯል። እናቷ ይህን ስትሰማ ማንጎ መደርደሯን ተወች። እኔ አፈርኩ። ወልድያ ያዘነና የተቆጣ ፊት ከወረቀት ላይ ስለይ ከርሜ፣ ፊት ለፊቴ የቆመችውን ልጅ ሳላያት ቀርቻለሁ።

«እኔን አውፍ በይኝ» አልኳት። አጠገባችን ሽንኩርት የሚመርጡ ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ፤ ትልቅ ሰው ልጅን እንዲህ ሲል አልለመዱም።

ከመሬቱ ቀና አለች። «አንቱን አውፍ ብያለሁ። እሷን ግን ገና ነኝ።»

ነገ እኮ ሐሙስ ነው ልላት ነበር፤ ዋጥኩት። «ገና ከሆንሽ ገና ነሽ። ማንም አያስገድድሽም» አልኳት።

ፊቴን ስታጠና ቆየች። «እንዲያ ከሆነ ነገ እመጣለሁ» አለች።