ወደ ደልጊ የወሰድሁት ክትባት

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የልጄ ባል፣ «አባባ፣ የደልጊ መንገድ አሁን ተመችቷል፤ አንድ ቀን በመኪና ልውሰድዎት» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። እኔ ግን ሳላስበው ጮህሁበት። ልጄ ደንግጣ አየችኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር የከብት ሐኪም ረዳት ነበርሁ፤ ገና ሃያ አራት ዓመቴ። ሾፌራችን ለውትድርና ስለተወሰደ ላንድሮቨሩን የምነዳው እኔው ነበርሁ። አንድ ግንቦት፣ ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ወደ ደልጊ ተጠግቷል ተባለና ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ተነሣሁ። ለስብሰባ የሚሄድ አንድ ካድሬም አብሮኝ ተሳፈረ።

ዱርቤቴ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ከከብት ዱካ አይሻልም። ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ወንዝ ሲገጥመን እየወረድሁ ድንጋይ አነጥፋለሁ። ጣና በስተቀኝ ብልጭ ይልና ከኮረብታ ጀርባ ይጠፋል። ከብቶቹ መሀል መንገድ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ለጥሩንባ ደንታ የላቸውም። ደስ ብሎኝ እነዳ ነበር።

ከቀትር በኋላ ደርሰን ሣጥኑን ስከፍት ያገኘሁት ቢራ ነው። እኔ ዱርቤቴ ላይ ውኃ ስቀዳ ካድሬው ብልቃጦቹን አውጥቶ ለስብሰባው እንግዶች የገዛውን ቢራ በበረዶው ላይ ደርድሯል። ክትባቱን ከሞተሩ አጠገብ፣ ከወንበር ሥር አገኘሁት። ብልቃጦቹ እጅ ያቃጥላሉ።

ክትባቱ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይረባም አልሁት።

«ሞቀ እንጂ አልፈሰሰ» አለኝ። «ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ውጋ። አይረባም ብለህ ብታወራ ግን የአብዮቱን ሥራ ያበላሸኸው አንተ ነህ።»

ከዚህ ባነሰ ነገር የጠፉ ሰዎች አውቅ ነበር። እስኪመሽ ወጋሁ። አሥራ አንድ ከብቶቻቸውን ከሐይቁ ዳር ነድተው የመጡት ሸህ እድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ በቅል እርጎ አመጡልኝ። አመስግኜ ጠጣሁ።

በጥቅምት ስመለስ ሜዳው ለምልሟል፤ ከሣሩ መሀል አጥንት ይነጣል። ሸህ እድሪስ አንድ ጥጃ ብቻ ቀርታቸዋለች። ዋርካ ሥር አስቀመጡኝ።

«የአላህ ሥራ ነው ልጄ» አሉኝ። «አንተማ የአቅምህን አድርገሃል።» ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

የዚያ ካድሬ ፊት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰው ለእንግዶቹ ቢራ ማቀዝቀዣ ብሎ የአንድን አገር ከብት ይፈጃል? በግንቦቱ ግን ፈርቼ ነው፤ ያንን ለራሴ ይቅር ማለት ይቻለኝ ይሆናል። በጥቅምት ካድሬው አልነበረም። ዋርካው ሥር ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ብናገር ከእሳቸው በቀር የሚሰማኝ አልነበረም። እኔ ግን «አሜን» ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ላይ ተቆጥቻለሁ፤ የዚያን «አሜን» ያህል ግን ያናደደኝ የለም።