ጉድጓድ የገባው ስንዴ

ቆጮው የተበላሸበት ሰው ጣቢታን ያስጠራል። በዚያ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ በቆየሁባቸው አራት ዓመታት ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት አልነበረም። የአንዷ የቆጮ ማብላያ ጉድጓድ ውሃ ቋጠረ፣ የሌላዋ ትል ገባበት፣ የሦስተኛዋ ሽታው ከልክ አለፈ ይባላል፤ ጣቢታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትሄዳለች። የእንሰቱን ቅጠል ገልጣ እጇን እስከ ክርኗ ታስገባለች። ጨብጣ ታወጣለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። ከዚያ ወይ "ጨምቁት፣ ቅጠሉን ቀይሩ" ትላለች፣ ወይ ከራሷ ጉድጓድ እርሾ ታመጣለች። ብዙ ሳይቆይ ያ ቆጮ ይበላል። ከሞርሲቶ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው በዚያ አገር የእንሰት ነገር ሲነሳ ከእሷ ቃል የሚበልጥ ቃል አልነበረም። የእኔን ዲፕሎማ ማንም አይቆጥረውም ነበር፤ ልክ ነበሩ።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን ያለ እኔ ይህ ታሪክ አይሞላም። ሰይፈሥላሴ እባላለሁ። አባቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥቶ ሆሳዕና የቀረ ሰው ነው። ሀዲይኛ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቁብኛል። ገበሬዎቹ ስሜን ትተው "ልማት" ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ሥራዬ ማዳበሪያ ማከፋፈልና ስለ ዘር መምከር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስገባው የእህል ኮታ እንዳይጎድል የሰውን አውድማ እየዞሩ መሰለል።

ጣቢታ ያኔ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት መበለት ነበረች። አንድ ልጇ ማቴዎስ በ1976 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሲሄድ ሚስቱ ገነቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ትርፊት የተወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከግንባር የመጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ጣቢታ በመሠረተ ትምህርት የለመደችው ፊደል ለእጅ ጽሑፍ ስላልበቃት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። "እናቴ፣ ልጄን ጠብቂልኝ፤ መጥቼ እስካያት ድረስ" ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን ስታጥብም ስታጎርስም "ይቺ የእኔ አይደለችም፣ አደራ ናት" ማለት ልማዷ ሆነ። ማቴዎስ በበሩ ሲገባ ልጁን በእጁ ማስረከብ ነበር ሕልሟ፤ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

በ1979 መስከረም ዝናቡ አላባራ አለ። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ እሱ ይወርዳል። ስንዴው የሚያብብበት ጊዜ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ማሳው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ዛላዎቹ እዚህም እዚያም ነጭ ሆኑ። ቀረብ ብዬ ሳይ ገለባው ላይ ቀላ ያለ ሻጋታ ተለጥፏል። ሲወቃ ደግሞ ከፍሬው ሲሶው የተጨማደደ፣ የነጣ፣ አንዳንዱም የቀላ ሆኖ ወጣ። ናሙና በወረቀት ጠቅልዬ ለእርሻ ምርምር ላክሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ።

መልሱ አጭር ነበር። በሽታው የስንዴ ዛላ እከክ ይባላል፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ሰብሉ ሲያብብ ዝናብ ከበዛ ይነሳል፤ የታመመው ፍሬ ለዘር አይሆንም። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ለሰውም ለእንስሳም ምግብ አይሁን፤ መርዙ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም።

አለቃዬ ወረቀቱን አንብቦ በጣቱ ያችን የመጨረሻ መስመር መታ መታ አደረጋት።

"ይቺን ተዋት" አለኝ። "አይበላም ካልክ ነገ ማን ኮታ ያስገባል? ሁሉም 'እህሌ ታሟል' ብሎ ነው የሚያድረው። አትዝሩት በል፣ ይበቃል። ሌላው አሻጥር ነው የሚባለው፤ ታውቃለህ።"

አውቃለሁ። አንጋጫ በኩል የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በስብሰባ ላይ በተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት ወር ታስሮ ወጥቷል፤ ከወጣ በኋላ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚሰጠው። አለቃዬ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ጠረጴዛም አልመታም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

የገበሬዎቹ ስብሰባ የተደረገው በቀበሌው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። መንግሥት ጸሎት ቤቱን ካሸገው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አግዳሚዎቹ ወጥተው የኮታ እህል መጋዘን ሆኗል። ጣቢታ የተዳረችው እዚያ ውስጥ ነው፤ ባሏም ሲሞት የተጸለየለት እዚያው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠና መፈክሩን አሰምቶ ሲጨርስ እኔ ተነስቼ የቀላውንና የተጨማደደውን ፍሬ እንዳይዘሩ ተናገርኩ።

ጣቢታ ከሴቶቹ መሀል እጇን አወጣች።

"ልማት፣ ካልተዘራ ምን እናድርገው?"

"ለዩት" አልኳት።

"ከለየን በኋላስ?"

አፌን ከፈትኩ። ጠና ቀደመኝ፦ "ንጹሑ ለኮታ! ሌላው የቤታችሁ ጉዳይ ነው።" እኔም ተቀመጥኩ። ለመቀመጥ የቸኮልኩትን ያህል ለምንም ነገር ቸኩዬ አላውቅም።

ሴቶቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፌድ ላይ አጎንብሰው ለቀሙ። ንጹሑ ፍሬ በየአህያው ተጭኖ ጸሎት ቤቱ ገባ። ቤት የቀረው ቀዩ ነው። ጥር ላይ ጋግረው የበሉት ቤቶች ሁሉ አስመለሳቸው፤ ራሳቸውን አዞራቸው፤ አንድ ሽማግሌ ከአልጋው መነሳት አቅቶት ሦስት ቀን ተኛ። እንሰቱም በዚያ ዓመት የሳሳ ነበር፤ ለመንደር ምሥረታ ቤት ሲፈርስ የጓሮው እንሰት ሳይደርስ ተነቅሏል። እስከ አዲሱ እሸት የሚያደርስ ምግብ የለም። የሚጣል እህል አልነበረም። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ሲኖር ወደሚኬድበት ሄዱ፤ ወደ ጣቢታ።

ጣቢታ ያደረገችውን ከእንሰት አገር ሰው በቀር ማንም አያደርገውም። እንሰት የሚያውቅ ሰው ጉድጓድን ያምናል። ተፍቆ የወጣው ነገር እንዲሁ ቢበላ ሆድ አይችለውም፤ በቅጠል ተሸፍኖ ከሰነበተ በኋላ ግን ቤት ሙሉ ሰው ያሳድጋል። ትል የገባበት፣ የመረረ፣ የገማ ቆጮ በእጇ ሲድን ዕድሜዋን ሙሉ አይታለች። ቀዩን ስንዴ ፈጨችው፣ አዲስ ከተፋቀ እንሰት ጋር ለወሰችው፣ በእግሯ ረግጣ ጉድጓድ ከተተችው። "ጉድጓዱ ይበላዋል፤ ክፋቱን ይጨርሰዋል" አለች። ስምንት ቤቶች ቃሏን ሰምተው እንዲሁ አደረጉ።

መጋቢት ላይ በቤቷ አለፍኩ። ጉድጓዱን ከከፈተች ዐሥር ቀን ያህል ሆኗት ነበር። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

"ና ልማት፣ ተመልከት! ቀይ አለው? የለውም። ሽታውስ? የደህና ቆጮ ሽታ ነው። ለሰው ከመስጠቴ በፊት እኔ ብቻዬን ሳምንት በላሁ። ምንም አልሆንኩም።"

ቆጮውን ጋግራ በጎመን አቀረበችልኝ። ትርፊት መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፤ የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት ትወድ ነበር። ወረቀቱ የሚለው ትዝ አለኝ፤ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም። ስለ ጉድጓድ የሚለው ነገር የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ምናልባት እሷ ከእኛ ትበልጥ ይሆናል አልኩ። ደግሞ አሁን ብናገር "ስብሰባው ላይ የት ነበርክ?" ትለኛለች፤ ነገሩ ጠና ጆሮ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እያኘክሁ ነው። ዋጥኩና "ጥሩ ነው" አልኩ። ያችን ቃል ዛሬም ድረስ አፌ ውስጥ አገኛታለሁ፤ ሰው ሲጋብዘኝ ጥሩ ነው ማለት አልችልም።

ጣቢታ ስትለውስ ዱቄቱ እኩል አልተደባለቀም ኖሯል። ከላይ ያለው እንሰት ይበዛበታል፤ ከታች ያለው ግን ስንዴ ነበር ማለት ይቻላል። ግንቦት ላይ ወደ ታችኛው ደረሱ። ትርፊት ከጉንፋን ገና ያገገመች፣ የከሳች ልጅ ነበረች። ማስመለስ ጀመራት፤ ተቅማጥ ተከተለ። ጣቢታ ደግሞ ልጅቱ እንድትበረታ ብላ ከዚያው ቆጮ በጣቷ እየቆረሰች አጎረሰቻት። ይህን የነገረችኝ ገነቴ ናት። በአምስተኛው ቀን አያትና እናት እየተቀባበሉ አዝለዋት ወደ ሞርሲቶ ክሊኒክ ጉዞ ጀመሩ። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሳይጨርሱ ገነቴ ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማት።

ትርፊት የተቀበረችው በማግስቱ ከቀትር በፊት ነው። መዝሙር አይፈቀድም ነበርና ያለ መዝሙር ቀበርናት። ሰዉ ለቅሶ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ጣቢታ ተነሳች። እንባ አልነበራትም። ቀኝ እጇን፣ ያን ስንት ጉድጓድ ያዳነውን እጇን፣ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ ዘረጋችው።

"በዚህ ነው የገደልኳት" አለች። "ጉድጓድ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ጉድጓዱ አልበላውም፣ ክፋቱ አለ። ስንዴ የቀላቀላችሁ ሁሉ ዛሬ አውጥታችሁ ቅበሩት። ለላምም እንዳትሰጡ። ርቦናል ካላችሁ ኑ፣ ያለኝን እንሰት ንቀሉ። የማቴዎስን አደራ በልቻለሁ፤ የእናንተን ልጆች አልበላም።"

አንዲት ሴት ከኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ልማት እያለ እንዴት አልተነገረንም?" አለች። ሰዉ አጉረመረመ። ጠና ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሁን ተናገር፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሁን።

ጣቢታ ግን ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

"ልማትን ተዉት! አትዝሩ ብሎናል፤ የሚያውቀውን ነግሮናል። ቢያውቅ ኖሮ ቤቴ ገብቶ፣ ልጅቱን ታቅፎ፣ ከዚያው ቆጮ በልቶ ዝም ይላል? ይሄ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ነው?" ከዚያ ወደ እኔ ፊቷን መለሰች። "አታውቅም ነበር፣ አይደል ልጄ?"

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

እየቀረበች መጥታ ያችን እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"አይዞህ" አለችኝ። "እኔም አላውቅም ነበር።"