በረንዳ ላይ የለቀቅኩት ድምፅ

ስልክ ሳወራ የገዛ ድምፄ ትንሽ ዘግይቶ ወደ ጆሮዬ ከተመለሰ ዛሬም ወሬዬን አቋርጣለሁ። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር የነበረችው ያቺ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ትመጣብኛለች፤ የጋለ ቆርቆሮ ሽታዋ፣ ግድግዳዋ ላይ የለጠፍነው የእንቁላል ካርቶን፣ ደጅ የሚጣሩት የታክሲ ረዳቶች።

ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው። ጓደኛዬ ሰው ፊት ሲናገር ይንተባተባል። በር ዘግቶ ማይክ ፊት ሲቀመጥ ግን ምላሱ ይፈታል፤ ወፍራም፣ የረጋ ድምፅ ነበረው። የሙሽሮቹን ታሪክ የምተርከው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን የእሱን ድምፅ ሰማና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ትረካው የሱ ነው፤ አንተ ቅንብሩን ያዝ” አለኝ። እሺ አልኩ። ሆዴ ግን ሻከረ።

የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሚከራዩትን ትልልቅ ስፒከሮች በረንዳ አውጥቼ እሞክር ነበር። ማይኩ የሚቀበለው ድምፅ በኮምፒውተሩ አልፎ ትንሽ ዘግይቶ በስፒከሮቹ እንዲወጣ አስተካክያለሁ። እሱ ይህን አላወቀም። ገብቶ በሩን ዘጋ። ትረካ ሊለማመድ መስሎኝ ነበር።

“ስናገር ይይዘኛል” አለ ድምፁ፣ በረንዳው ላይ። “አንቺ ግን አንድም ቀን አጣድፈሽኝ አታውቂም። ለዚህ ነው የወደድኩሽ።”

ለማን እንደሆነ ገባኝ። ፊት ለፊታችን ፎቶ ኮፒ ለምታነሳዋ ልጅ እየቀዳላት ነው። እጄ የድምፁ ማስተካከያ ላይ ነበር፤ መቀነስ እችል ነበር። ጨመርኩት።

መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። “ዱበዹ! ተናገራ ጎበዝ!” ብሎ አንድ ሾፌር በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ፤ ሳቁ ተከተለ። ልጅቷ ፊቷን በወረቀት ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። የገዛ ቃሉ ከውጭ ዘግይቶ ሲመለስበት ነው መሰለኝ፣ ጓደኛዬ መሃል ላይ አቋርጦ ወጣ። ሰዉን አየ። ከዚያ እጄን አየ።

“አ... አ... አን...”

እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። “አ... አ... አ...” ብዬ ደገምኩለት፣ ሰው እንዲስቅልኝ። ሳቁልኝ።

መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልመጣም። የጀመረውን ትረካ እኔው ጨረስኩት። ልጅቷ ወረቀት ስወስድላት ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸሽቷል። አላየኝም። መውረጃው ሲደርስ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሳ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ታክሲው ሊያልፍ ሆነ።

“ወራጅ አለ!” አልኩ ከኋላው።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ረዳቱ በሩን ከፈተ። ጓደኛዬ ድምፄን አወቀው። ዞሮ ሳያየኝ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ማነው ወራጅ?” አለ ረዳቱ።

በሩ ተዘጋ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሮ ወረደና፣ ያለፈውን መንገድ በዝናብ፣ በእግሩ መመለስ ጀመረ።