የእንግሊዝኛ ግስ በየኔታ ዜማ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ሕንፃችንን የሚጠብቁት አዛውንት ኮሪደሩ ላይ ቆመው ዱላቸውን ሲሚንቶው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉ። ምናልባት ጭቃ ማራገፋቸው ይሆናል። እኔ ግን የማነበውን ወረቀት ጥዬ አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ አፌም ሳላዘው «ዌንት ቱ» ብሎ ማዜም ጀመረ። አብራኝ የምታድረው ልጅ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፤ የዚያን ድምፅ ነገር ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም ከእነሱ ሰምቼ የኔታ እያልኩ አደግሁ። የእኛን ቤትና የተማሪዎቹን ጎጆዎች የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነበር። ጠዋት ፀሐይ አጥሩን ሳታልፈው የግእዝ ግስ ሲያወርዱ እሰማቸው ነበር። መጀመሪያ ግሱን፣ ቀጥሎ የአማርኛ ትርጉሙን፣ በዜማ እየጎተቱ፤ «ሖረ፣ ሄደ፤ ነበረ፣ ተቀመጠ።» አንዱ ሲደናቀፍ የኔታ አይቆጡም። ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ይመታሉ። «አይዞህ፣ ካቆምክበት ቀጥል» ማለታቸው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቡሬ ከተማ ውስጥ ከአንዲት የሰፈሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። ዓርብ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ የሳምንት ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ትምህርቱ ሁሉ ይቀናኝ ነበር፣ ከእንግሊዝኛው በቀር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ማንንም አይጠብቅም፤ እኛ ደብተራችንን ስንገልጥ እሱ ይሰናበተናል። ያለፈ ጊዜ ግሶቹን አንድ በአንድ ሸምድጃቸዋለሁ፤ ዌንት፣ ኬም፣ ሳት። ትላንት ያደረግሁትን ተናገሪ ስባል ግን ከግሱ ኋላ የሚከተሉት ትንንሽ ቃላት፣ ቱና አት፣ ኢንና አንደር፣ ይምታቱብኛል። አንድ ቀን ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ ያልኩ መስሎኝ ሌላ ነገር ብዬ ኖሮ፣ መምህራችን ፈገግ ብሎ «እንደ ወፍ ዛፉ ውስጥ ገብተሽ ነው የተቀመጥሽው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ ግን ቀርቦ ነበር።

ቅዳሜ የኔታ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ፊቴን አዩና ምን እንደከበደኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ቢሆንም፣

«ግሱን ብቻውን ለምን ትይዢዋለሽ?» አሉኝ። «ሄደ ካልሽ ወዴት እንደሄደ፣ መጣ ካልሽ ከየት እንደመጣ፣ አብረሽ ያዢ። ማደሪያ የሌለው ግስ ይጠፋል። በይ፣ አውርጂ።»

መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ጀመርኩ። «ዌንት ቱ ዘ ማርኬት፣ ወደ ገበያ ሄደ። ኬም ፍሮም ዘ ቸርች፣ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ሳት አንደር ዘ ትሪ፣ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ።» ዜማው ቃላቱን እንደ ዶቃ ሰካቸው። ድምፄ ሲያመነታ ከዘራው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እኔም አስተካክዬ እቀጥላለሁ። ቋንቋውን የማያውቁ ሰው የት ላይ እንደተጠራጠርኩ እንዴት እንደሚያውቁ ዛሬም ይገርመኛል። የሚሰሙት ቃሉን ሳይሆን እኔን ነበር መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪመጣ ቸኩዬ እጠብቅ ነበር። በሳምንቱ ያየሁትን ሁሉ ወደ ግስ እለውጣለሁ። የጎረቤት ላም ቦይ ውስጥ ብትወድቅ ላሟ ሳትወጣ እኔ ግሷን ከነማደሪያው አዘጋጅቻለሁ። አንድ ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ ካሉት ተማሪዎች አንዱ እንስራ ተሸክሞ ሲያልፍ ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ፈጠን ብሎ በዜማ «ዌንት ቱ ዘ ሪቨር» አለኝና ሄደ። ገና ወንዝ አልደረሰም እኮ! ግን እርማት አልሰጠሁትም፤ ደስታዬ ከለከለኝ።

ውጤቴ ሲሻሻል መምህራችን በፍኖተ ሰላም ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር እኔን መረጠኝ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ያለ ወረቀት፣ ከሕይወቱ አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ይተርካል። የአሸናፊው ሽልማት ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር። የእኛ ቤተ መጻሕፍት አንድ መዝገበ ቃላት ብቻ ነበረው፤ እሱንም ከመጨረሻዎቹ ፊደላት ጀምሮ አይጥ በልቶታል። ያንን መጽሐፍ የራሴ ለማድረግ ምን ያህል እንደጓጓሁ መናገር አልችልም።

አብራኝ የምትኖረው የሰፈሬ ልጅ ግን ክፍላችን ውስጥ ሳዜም እየሰማች ደብተራዋ የሚል ስም አውጥታልኝ ነበር። «ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲህ ብታዜሚ መጽሐፉን ትተው ጥምጥም ይሸልሙሻል» አለችኝ። የቀልድ ነገር ነበር፤ ውስጤ ግን ገባ። የከተማ ልጆች ሲስቁብኝ ታየኝ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዜማውን ትቼ እንደ ፕላዝማው ሰውዬ መናገር ተለማመድኩ። የኔታ ልምጣ ወይ ብለው ሲጠይቁኝም፣ ጥምጥማቸውና ከዘራቸው ከየት እንደመጣሁ እንዳይናገሩብኝ ብዬ፣

«ወላጅ አይገባም የኔታ» አልኳቸው።

«እሺ። ሕግ ከሆነ ሕግ ነው» አሉኝ።

የውድድሩ ቀን ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቆ ነበር። አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ከላይ ካሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ልክ መድረኩ መሐል ያርፋል። ተራዬ ሲደርስ እዚያ ብርሃን ላይ ቆምኩ። ከቤቴ እስከ ቡሬ ያለውን የእሑድ መንገዴን መተረክ ጀመርኩ፤ እንደተለማመድኩት፣ ያለ ዜማ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አልኩ። አራተኛው ላይ ድልድዩን መሻገር ነበረብኝ። ድልድዩ ጠፋ። ግሱም ማደሪያውም ጠፋ። አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁ። መዝገበ ቃላቱ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ይታየኛል።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ቀና አልኩ። በሩ ላይ፣ ከመድረኩ በታች ባሉት ሰዎች ራስ በላይ፣ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆመዋል።

ዓይኔን ጨፈንኩና አዜምኩ። «ክሮስድ ኦቨር ዘ ብሪጅ፣ ድልድዩን ተሻገረች።» ከፊት ያሉት የከተማ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። አላቆምኩም። «ረስትድ አንደር ዘ ትሪ» እያልኩ ዛፉ ሥር አረፍኩ፤ ዳገቱን ወጣሁ፤ ከተማው በር ደረስኩ። ሳቁ የት ላይ ወደ ጭብጨባ እንደተለወጠ አላውቅም፤ መጨረሻው ላይ ግን አዳራሹ በእኔ ዜማ ልክ እያጨበጨበ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ በዜማ መቅረቡን ተቃወመ። ዋናዋ ዳኛ ወረቀታቸውን አገላበጡና «ማዜም አይፈቀድም ብለን አልጻፍንም» አሉ። መጽሐፉ የእኔ ሆነ።

እየሮጥኩ ወጣሁና ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«የኔታ፣ ለምን አልገቡም?»

«ወላጅ አይገባም አላልሽኝም?» አሉኝ ሳይቆጡ። «በር ላይ መቆምን ግን የሚከለክል አይኖርም ብዬ ነው።»

ሚኒባሱ ውስጥ መጽሐፉን እንደ ዳዊት በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እስከ ቡሬ ድረስ ከጭናቸው ሳያወርዱ ተጓዙ። ውሸቴን ልነግራቸው ደጋግሜ አፌን ከፈትኩ። አልነገርኳቸውም።

በዚህ የሴሚስተር እረፍት ቤት ሄጄ ነበር። የየኔታ ጆሮ ደክሟል። ተማሪዎቹ ሲያወርዱ ከጎናቸው አንድ ትልቅ ተማሪ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲደናቀፍ ጉልበታቸውን በእጁ ይነካቸዋል፣ ያን ጊዜ ከዘራውን ይመታሉ። እኔን ሲያዩ «እስቲ የእንግሊዝኛውን አውርጂልኝ» አሉኝ። እንደ ድሮው መደቡ ላይ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉንም አወረድኩ። መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ ጨመርኩ፤ «ስቱድ አት ዘ ዶር፣ በሩ ላይ ቆመ።» ግን ከግሱ በኋላ ሆን ብዬ አቆምኩ። «ስቱድ» አልኩና ዝም አልኩ። ጠበቅሁ።

ከዘራው ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ነበር። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው ፈገግ ብለዋል።

እኔው ጨረስኩት።

«እሰይ» አሉኝ፣ እጄን ፈልገው ይዘው። «አሁንስ መደናቀፍ ቀረ።»